ዝማሜ፦ መቋሚያ የሚማር ሰው ከየት ይጀምራል?

በጎጃም፣ በደምበጫና በዙሪያዋ ባሉ አድባራት የክብረ በዓል ሌሊት የሚነጋው በማኅሌት ነው። ሊቃውንቱ ነጭ ለብሰው፣ ጠምጥመው፣ በቅኔ ማኅሌቱ ቀኝና ግራ ሆነው ትይዩ ይቆማሉ። መቋሚያቸውን ከዜማው ጋር እያነሡ፣ እያዘነበሉና እየመለሱ ሲዘምሩ ዝማሜ ይባላል። ዝማሜ ለተመልካች የሰውነት ጥበብ ይመስላል፤ ለተማሪው ግን ከጆሮ የሚጀምር ትምህርት ነው።

መቋሚያ አናቱ ላይ አግድም ራስ ያለው ረጅም ዘንግ ነው፤ ቅርጹም በመስቀል ይመሰላል። ማኅሌት ቆመው የሚያደርሱት የረጅም ሌሊት አገልግሎት በመሆኑ የደከመ ሰው ይደገፍበታል። ያው ድጋፍ ዜማው ሲደርስ ከመሬት ተነሥቶ ከዘማሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የዜማውን መነሻ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ የያዙትን ጦር በእግሩ ላይ ተከሉበት፤ ማኅሌቱ እስኪፈጸም ሁለቱም አላወቁም ይባላል።

ጀማሪው በመቋሚያ አይጀምርም። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ የዜማ መጻሕፍቱን ጾመ ድጓና ድጓ እየተማረ የዜማ ስልቶቹን ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ይለያል። ዜማው በቃል ካልገባ እጅ የሚከተለው ነገር የለውም፤ ከዜማው የቀደመ መቋሚያም መስመሩን በሙሉ ያናጋል።

አቋቋም የሚባለው የማኅሌት አቀራረብ ትምህርት በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በዝግታ ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመራ ጉልበትና ወገብ አብረው ይለዝባሉ። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይጨመራል። ወረብ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች እየተቀባበሉ በሽብሸባ የሚያደርሱት ነው። ጀማሪው በዚህ ሁሉ የሚፈተነው በመታገሥ ነው፤ የዝግታው ክብደት ሳይገባው ፍጥነቱን የተመኘ ተማሪ ጽፋት ላይ ይሰናከላል።

መሣሪያዎቹም ትርጓሜ አላቸው። የከበሮው ጠፍር በክርስቶስ ሰውነት ላይ ያረፈው ግርፋት ምሳሌ ነው፤ ሰፊውና ጠባቡ አፍ መለኮቱንና ትስብእቱን ያመለክታሉ። የጸናጽሉ ሁለት ዘንጎች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ይህን የተማረ ሰው ከበሮን እንደ ዘፈን ከበሮ አይመታም፤ እጁ የሕማማቱን ነገር ያስባል።

ጎጃም በይበልጥ የሚታወቀው በቅኔ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የተጠራ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። አቋቋምን ለማስመስከር ግን ብዙ የጎጃም ተማሪ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በዓታ ወይም ተክሌ የሚባለው የአቋቋም ስልት ወደሚመሰከርበት ወደ ደብረ ታቦር ይሄዳል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያገኘውን ተመግቦ ይማራል።

ዜማው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ምልክት ወጥቶለት በብራና ሰፍሯል። መቋሚያ መቼ እንደሚነሣ፣ ትከሻ ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ ከበሮ የያዘው ሰው እንዴት እንደሚዞር ግን ከመምህር ፊት ቆሞ በማየትና በመታረም ይወሰዳል። ስለዚህ አንድ የአቋቋም መምህር ጉባኤውን ቢበትን የሚጠፋው ብዙ ነው።

ማኅሌት ማየት የሚፈልግ እንግዳ ቀድሞ የመሪጌታውን ድምፅ ይስማ፤ ከዚያ መቋሚያዎቹ ድምፁን እንዴት እንደሚከተሉ ይመልከት። ጥበቡ ከልቡ ከገባ ደግሞ ደጁ ለሚቆመው ተማሪ ምግቡን፣ ለመምህሩም ደመወዙን አይንፈግ። የሚመጣው ዓመት ማኅሌት የሚቆመው በእነዚህ ሰዎች ነው።