ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም እና የማሕፀን ፖሊፕ

አንዲት እናት የወር አበባዋ ከተቋረጠ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ደም ብታይ፣ ጥቂትም ቢሆን መመርመር ይገባታል። ብዙ እናቶች ግን ነገሩን በሐፍረት ይሸሽጉታል፤ ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ርቀው ሲቆሙም ምክንያቱን የሚሰማው የንስሐ አባታቸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ደም መታየት አንዱ ምክንያት የማሕፀን ፖሊፕ ነው፤ ይኸውም በማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚበቅል ትርፍ ሥጋ ነው። አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሆኖም ካረጡ በኋላ ደም ከሚፈስሳቸው ፖሊፕ ካለባቸው እናቶች መካከል ከ100 በ5 ያህሉ ላይ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ ይገኛል።

ስለዚህ ደም ካለ ፖሊፑን ማስወጣት ይመከራል። ሐኪሙ ሆድ ሳይቀድድ በቀጭን መሣሪያ እያየ ያወጣዋል፤ የወጣውም ሥጋ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ማሕፀንን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የሚታሰበው በአብዛኛው የምርመራው ውጤት ሲያስገድድ ነው። ፖሊፑ ትንሽ ሆኖ ደም ከሌለ ግን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ በክትትል መቆየት ይቻላል። በውሳኔው ላይ ዕድሜ፣ የልብ ሕመም፣ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ እንዲሁም ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት መውሰድ ይመዘናሉ።

ክቡራን ካህናት፣ እናቶች ምሥጢራቸውን ሲያካፍሏችሁ ጸሎቱንና ጠበሉን ሳያቋርጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም እንዲሄዱ ምከሯቸው። የሰበካ ጉባኤ አባላትም አቅም ላነሳቸው የመጓጓዣና የምርመራ ወጪ ብትሸፍኑ፣ ደግፎ የሚያደርሳቸው ሰው ብትመድቡ፣ ሕይወት ታተርፋላችሁ።