ስለ ሞተር ብስክሌት ሚኒሞ መታወክና ስለ ማስተካከያው
በአምደወርቅና በዋግ ደጋ ላሉ መሥሪያ ቤቶች

በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ለእርሻና ለእንስሳት ጤና ሥራ የሚላክ ሠራተኛ ዕውቀቱም መድኃኒቱም ለገበሬው የሚጠቅመው በጊዜው የደረሰ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ምዕራብ ከምትገኘው ከደሃና ወረዳ ዋና ከተማ ከአምደወርቅ ወደ ቀበሌዎቹ የሚወስዱት መንገዶች አቀበትና ቁልቁለታቸው የበዛ፥ በበጋ በትቢያ በክረምት በጭቃ የሚሸፈኑ ስለ ሆኑ፥ መኪና በማይገባበት ስፍራ የሚያገለግሉት በቅሎና ሞተር ብስክሌት ናቸው። በቅሎ ስትታመም ባለቤቷ ከአረማመዷና ከአበላሏ ያውቃል፤ ሞተርም እንዲሁ ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገርበት ምልክት አለው፤ ይኸውም ሚኒሞው ነው።

ሚኒሞ ማለት ነጂው የነዳጁን እጀታ ለቆ ማርሹን ባዶ ባደረገ ጊዜ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት መጠን ነው። የጤነኛ ሞተር ድምፅ በዚህ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የታመመው ግን አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፥ ይስላል፥ በመጨረሻም ይጠፋል። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይም ጉዳቱ ትንሽ አይደለም። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ በበረዶ ሣጥን ተይዞ ይጓዛል። ሞተሩ በየአቀበቱ እየጠፋ ነጂው በፀሐይ ቆሞ ሲያስነሣ የዋለ እንደ ሆነ በረዶው ይቀልጣል፤ ክትባቱም ኃይሉን ያጣል፤ ፍየሎቹን ከሩቅ ነድቶ ሲጠብቅ የዋለው ባላገር በሚቀጥለው ጥሪ ለመምጣት ያመነታል።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ልማድ፥ ሞተሩ መጥፋት እንደ ጀመረ ወዲያው ቪቴ የሚባለውን ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ እያጠበቁ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ዙሩ ያለ ልክ ከፍ ያለ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፤ ማርሽ ሲገባ ይንገጫገጫል፤ በቁልቁለትም እጀታው ተለቅቆ ሳለ ወደ ፊት ስለሚገፋ ለነጂው ያሠጋል። እንግዲህ ዋናው ሕግ፥ አየሩ፥ ቤንዚኑና እሳቱ በተራ ይመረመራሉ፤ ቪቴው የሚነካው ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሚል ነው።

በደጋ አገር በተለይ መታሰብ የሚገባው የአየሩ መሳሳት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር በሆነ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ሰቆጣም ከዚህ ከፍታ በላይ ናት። የአሮጌ ሞተር ካርቡራተር ይህን ልዩነት በራሱ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሰጠውን ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። በዚህም ምክንያት በዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፥ ካንዴላው ይጠቁራል፥ ሚኒሞው ይከብዳል። በደጋ የተስተካከለው ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ስለዚህ ሞተር መስተካከል ያለበት ዘወትር በሚሠራበት ስፍራ እንጂ በተገዛበት ከተማ አይደለም።

ምርመራው የሚጀመረው ካንዴላውን ፈትቶ በማየት ነው። ጫፉ የሸክላ መልክ ያለው ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ መልካም ነው። ደረቅ ጥላሸት ያለበት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፥ ወይም አየር ታፍኗል። ነጭ የሆነ እንደ ሆነ ቤንዚን አንሷል፥ ወይም በማይገባ ቀዳዳ አየር ይገባል። በገጠር ሥራ ላይ የሚታዩት ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ስለ ሆኑ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ በእነዚህ ካንዴላ ላይ ጥቂት ወዝ መታየቱ አያስደነግጥም። በባለ አራት ምት ሞተር ካንዴላ ላይ ዘይት ከታየ ግን የውስጥ ክፍሉ ማለቁን ያመለክታል። ሁለተኛው መፈተኛ ቾክ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾኩ ጥቂት ሲሳብ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፤ ከባሰበት በዝቶበታል።

ከዚህ በኋላ አየሩ ይታያል። ፊልትሮው በበጋ ትቢያ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፥ በጥላ ደርቆ፥ ጥቂት ዘይት ጠጥቶና ተጨምቆ ይመለሳል። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ግን ትቢያውን ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ስለ ሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ይመረመራል። ነዳጅ ማደያ በራቀበት ስፍራ ቤንዚን በጄሪካን እየተቀዳ ስለሚመጣ ውሃና ቆሻሻ ይቀላቀልበታል። በካርቡራተሩ ታች ያለው ብሎን ሲፈታ የሚወርደውን በጠርሙስ ተቀብሎ ጥቂት ማቆየት ይበቃል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ሞተሩ ለብዙ ሳምንት ሳይነሣ የቆመ እንደ ሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ተንኖ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም ለሚኒሞ ቤንዚን የምትሰጠውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ቀዳዳዋ በነዳጅ ታጥባ በጎማ መንፊያ ትነፋለች፤ በብረት ሽቦ ግን አትጎረጎርም፤ ከሰፋች ልኳ ይጠፋልና። ይህ ሁሉ ሲሠራ ሞተሩ የቀዘቀዘ፥ እሳትና ሲጋራም የራቀ መሆን አለበት።

የእሳቱ ምርመራ አጭር ነው። የካንዴላው ክፍተት በብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉ የተበላ ካንዴላ በአዲስ ይለወጣል፤ የሽቦው ቆብም እንዳይላላ ይታያል።

ቀጥሎ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈለጋል። በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ በፀሐይ ብዛት ይሰነጠቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ በመጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ሲቀባ ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ በዚያ ነው፤ ጎማው ወይም ጓርኒሲዮኑ መለወጥ ይገባዋል። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር ዙሩ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ በነዳጁ እጀታ ገመድ መጥበቅ ነው።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይሞቅና ቪቴው ይስተካከላል። አስቀድሞ ምን ያህል ዙር ተከፍቶ እንደ ነበረ ለማወቅ ቀስ ብሎ እስኪዘጋ ድረስ ዙሩ እየተቈጠረ ይጠብቃል፤ ቍጥሩም ይጻፋል። ወደ ነበረበት ከተመለሰ በኋላ በሩብ ዙር እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚረጋበት ስፍራ ይፈለጋል፤ ቀጥሎ ዙሩ በሌላው የሚኒሞ ቪቴ ወደ ልኩ ዝቅ ይላል። ቪቴው በፊልትሮው በኩል ያለ እንደ ሆነ የአየር ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ያለ እንደ ሆነ የቤንዚን ነው፤ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንሳል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቪቴ መንካት ያለ መንገድ መሄድ ነው። ሞተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልረጋ እንደ ሆነ ጥፋቱ በቫልቩ ክፍተት ወይም በውስጥ ክፍሉ ስለ ሆነ ወደ ጋራዥ ይላካል።

የመሥሪያ ቤት ሹም መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም፤ ሥርዓቱ መጠበቁን ግን መቈጣጠር ሥራው ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ መዝገብ ይኑር፤ ፊልትሮው የታጠበበት፥ ካንዴላው የተለወጠበት፥ ቪቴው የተነካበት ቀንና ቍጥር ከሠሪው ስም ጋር ይጻፍበት። አንድ የካንዴላ ኪያቤ፥ አንድ ካቻቢቴ፥ አንድ ትርፍ ካንዴላና አንድ የጎማ መንፊያ ከሞተሩ አይለዩ። ሠራተኛው ክትባት ይዞ ከአምደወርቅ ከመውጣቱ በፊት ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሚኒሞውን እንዲያዳምጥ ይታዘዝ፤ ያልረጋ ሞተር በረዶው ከሣጥኑ ሳይገባ በከተማው ይጠገን።