ከሐሳብ የሚቀድም እጅ

ሰው ሳያውቀው የሚያደላው አድልዎ ከአፉ ይልቅ በእጁ ይታወቃል። አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ሰላምታ ሊሰጥ የተዘረጋ እጅ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ጣቶችን ሲያይ ይሰበሰባል። ባለእጁ «እኔ ማንንም አልንቅም» ብሎ ቢምል አይዋሽም፤ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞበት ነው።

ልማዱ ከየት መጣ ቢባል፣ ብዙው ከቋንቋ ነው። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለውን ተረት ልጅ የሚሰማው በሽታውን ከማወቁ በፊት ነው። ዛሬ የሚተረተው ለደፋር ልኩን ለማሳየት ቢሆንም፣ ስድቡንና ከማዕድ ማራቁን በአንድ ትንፋሽ ያስተምራል። «በዘር ይወርዳል» የሚለው እምነት ሲጨመርበት ነገሩ እስከ ጋብቻ ይደርሳል።

ሳይንሱ ግን ሌላ ይላል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን በሽታውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ አለርት፣ የሚገኘው እዚሁ ዘነበወርቅ ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋም የሃንሰንን ስም ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የተቀናጀውን መድኃኒት ከመከረ ወዲህ ሕክምናው በ6 ወይም በ12 ወር ያልቃል፤ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ብዙ ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። የአብዛኛው ሰው ሰውነት እንዲያውም በሽታውን በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። ጣት የሚጎድለው ነርቭ ተጎድቶ ቃጠሎና ቁስል ሳይሰማ ስለሚቀር ነው። ጉዳቱ ከዳኑም በኋላ አይጠፋም፤ ስለዚህ ዓይን የሚፈራው ያለፈን በሽታ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እጅም ይሰበሰባል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ያደረጉት ፈተና ለመያዝ የሞከረው ይህንኑ ከሐሳብ የሚቀድም ፍጥነት ነው፤ ቃልና ምስል ሲጣመሩ እጅ የቱ ላይ እንደሚዘገይ ይቆጥራል። ውጤቱ የአንድን ሰው ተግባር አስቀድሞ ይናገራል ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አድልዎው የተጋለጠበት ሰው አንድም ይክዳል፣ አንድም አፍሮ ምጽዋት ያበዛል። ሁለተኛው ደግነት ስለሚመስል ለመለየት ያስቸግራል፤ ሳንቲም ከሩቅም ይወረወራል፣ አብሮ መቁረስ ግን መቅረብ ይፈልጋል። የሚበጀው ሳይክዱ፣ ራስንም ሳይራገሙ «ሰበሰብኩት» ብሎ ማመንና ነገ መዘርጋት ነው። በዕድር አብሮ የተቀመጠ፣ ቡና አብሮ የጠጣ እጅ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። የበሽታውን ስም የፈራ ሕመምተኛ ሕክምናውን ያዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ነርቩ ይጎዳል። ቆዳው ላይ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ያየ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል።