የሰላ ድንጋይ ጭቃና አሮጌው ላንድክሩዘር

ነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ሲነጋ ቢያባራም፣ ከሰላ ድንጋይ ወደ ገጠሩ የሚወስደው ጥርጊያ መንገድ መረሬው ውኃ ጠጥቶ አብጧል። የተሳፈርንበት አሮጌ ላንድክሩዘር አንዲት አጭር ዳገት ጀምሮ ግማሽ ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት እየተሽከረከሩ ጭቃ መርጨት ጀመሩ። ሾፌሩ ትንሿን ማርሽ ስበው ወደ አራት ጎማ አስገቡና ነዳጅ ሰጡ። ለውጥ የለም። ወርጄ ሳይ የፊት ጎማዎቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ጋሼ፣ ፎር ዊሉ አልገባም መሰለኝ» አልኳቸው።

«ኧረ ገብቷል ልጄ። ሎኩ ነው እምቢ ያለው።»

ጭቃው ላይ ተንበርክከው የግራውን ጎማ ሎክ በጣታቸው አዞሩት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። የቀኙ ግን ደርቋል። በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ቢይዙትም አልተነቃነቀም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ያወጡን ከማሳቸው የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ጎማው ሥር ድንጋይ እየጎዘጎዙ፣ ትከሻቸውን ሰጥተው እየገፉ። ያን ቀን የገባኝን ነገር ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪና ላይ አይቼዋለሁ፦ የአሮጌ መኪና ፎር ዊል የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ በመክረም ነው።

ሰላ ድንጋይ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ ከደሴው አውራ መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብላ ደጋው ላይ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸውን እዚህ አድርገው ሲያስተዳድሩ መንገዱ ሁሉ የበቅሎ ነበር። በቅሎዋ ዛሬም ሥራ አልፈታችም። ክረምት ሲገባ ግን ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ፣ ክትባት ወደ ጤና ኬላ ቶሎ እንዲደርስ ከተፈለገ ተስፋው ያው አራት ጎማው ነው።

ይህን ሥራ ለዓመታት ከተሸከሙት መኪኖች ዋነኛው ላንድክሩዘር ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያወጣለት በ1954 ነው። 60 የሚባለው በ1980፣ 70 የሚባለው ደግሞ በ1984 ወጣ። እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ከምናያቸው መካከል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ቢገኝ አይገርምም። ከዚህ በታች የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው፤ አሠራራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ግን አሮጌ ፓትሮል ወይም ባለ ሎክ ሃይሉክስ የሚነዳም ሰው ይጠቀምበታል።

የሞተሩ ጉልበት በፍሪሲዮኑ አልፎ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ከካምቢዮው ጀርባ ትራንስፈር የሚባለው ሣጥን አለ፤ ትንሿ ማርሽ የምታዘው እሱን ነው። ከትራንስፈሩ አንድ ሻፍት ወደ ኋላ፣ አንድ ሻፍት ወደ ፊት ይዘረጋል። እያንዳንዱ ሻፍት የሚገባበት ዲፈረንሻል ደግሞ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ያከፋፍላል። የፊት ጎማዎቹ መሐል ላይ ያሉት ሎኮች የመጨረሻዎቹ በሮች ናቸው። ሲከፈቱ ጎማው ብቻውን በነፃ ይዞራል፤ ሲቆለፉ ከዲፈረንሻሉ ከሚመጣው አክስ ጋር ይያያዛል።

እዚህ ላይ የዚያን ቀኑን ጉዳችንን መረዳት ይቻላል። ዲፈረንሻል ጠባዩ ቀላሉን መንገድ መውደድ ነው። አንደኛው ጎን ያለ ጭነት መዞር ከቻለ ጉልበቱ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የግራው ሎክ ቢቆለፍም የቀኙ ክፍት ስለነበር የቀኙ አክስ ውስጥ ውስጡን በባዶ ይሽከረከር ነበር። በአንዲት የደረቀች ሎክ ምክንያት ሁለቱም የፊት ጎማዎች ሥራ ፈቱ። ስለዚህ ሎክ ሲቆለፍ ሁለቱም፣ ሲከፈትም ሁለቱም ነው።

አሁን ወደ አነዳዱ። በትንሿ ማርሽ አናት ላይ ኤች 2፣ ኤች 4፣ ኤል 4 የሚሉ ምልክቶች አሉ። ኤች 2 የኋላ ጎማዎች ብቻ የሚጎትቱበት የዘወትር ማርሽ ነው። ኤች 4 ለጭቃ፣ ለልቅ ጠጠርና ለአሸዋ ነው። ኤል 4 ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሶ ጉልበቱን እንደ መኪናው ዓይነት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ያበዛል። በደጋችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ግድም ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ሞተሩን እያስጮኹ ፍሪሲዮን ከማቃጠል በኤል 4 ቀስ ብሎ መውጣት መኪናውንም ተሳፋሪውንም ያሳርፋል። ቁልቁለቱም እንዲሁ ነው። ጥርጊያ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ገደላማ ቦታ ሲገጥም ኤል 4 አስገብቶ በአንደኛ ማርሽ መውረድ ነው፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘው ፍሬኑ አይግልም።

ኤል 4 የሚገባው መኪናው ፍጹም ቆሞ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው። ኤች 4 ግን ሎኮቹ ተቆልፈው ከቆዩ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዱም ይገባል። ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። ብዙ ሾፌር ፎር ዊልን የሚያስታውሰው መኪናው ሆዱ ድረስ ከሰጠመ በኋላ ነው። ልምድ ያለው ሰው ጭቃው ዳር ሲደርስ ይቆማል፣ ወርዶ ሎኩን ይቆልፋል፣ ማርሹን ያስገባና ሳይቸኩል፣ መሐል ላይ ሳይቆም ያልፋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚሠራው አስፋልት ላይ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። በእነዚህ አሮጌ መኪኖች ኤች 4 ሲገባ ግን የፊቱና የኋላው ሻፍት እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። ጭቃ ላይ ልዩነቱን ጎማው ሸርተት እያለ ያቻችለዋል። አስፋልት አይሸራተትም፤ ስለዚህ ልዩነቱ በሻፍቱ፣ የሻፍቱ መገጣጠሚያ በሆነው በክሮቼራውና በትራንስፈሩ ጥርሶች ላይ እየተጠመዘዘ ይጠራቀማል። መሪው ይከብዳል፣ መኪናው የኋሊት የሚጎተት ይመስላል፣ ማርሹም አልወጣ ይላል። እንዲህ ሲሆን በጉልበት መታገል አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትሮች ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ሲኬድ መጠማዘዙ ይፈታል። የጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ጉም ሲወርድና አስፋልቱ ሲረጥብ «ለጥንቃቄ» ብለው ፎር ዊል የሚያስገቡ ሾፌሮች አይቻለሁ። ለዚያ ቁልቁለት የሚሆነው ዝቅ ያለ ተራ ማርሽና ዝግታ ነው። በፊትና በኋላ ሻፍት መካከል ሦስተኛ ዲፈረንሻል ያላቸው፣ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄዱ ፕራዶና አንዳንድ 80 ላንድክሩዘሮች ግን ይህ ሦስተኛው ካልተቆለፈ ከዚህ ነፃ ናቸው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ አይንዱ።

ወደ እንክብካቤው ስመጣ የምጀምረው ከሎኩ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በጋም ቢሆን፣ ሁለቱን ሎኮች ቆልፎ አስፋልት ባልሆነ መንገድ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ያህል በኤች 4 መንዳት ያስፈልጋል። የፊቱ ዲፈረንሻል ዘይት ወደየጥርሱና ወደየኩሽኔታው የሚደርሰው ክፍሎቹ ሲዞሩ ነው፤ ካልዞሩ ዘይቱ ከታች ይተኛል፣ ዘይቱን የሚያግዱት ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፣ ሎኩ ይዝጋል። የደረቀ ሎክ አብዛኛውን ጊዜ አይጣልም፤ ተፈትቶ በናፍጣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ስስ ግራሶ ተቀብቶ ይገጠማል። ስስ የምለው በምክንያት ነው። ሜካኒኩ ለደግነቱ ግራሶ ጠቅጥቆ ከሞላው የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ያጠጥረውና ሎኩ እንደገና አልዞር ይላል።

ቀጥሎ ዘይቱ ነው። ሁለቱ ዲፈረንሻሎችና ትራንስፈሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዘይት አላቸው፤ የሞተር ዘይት በየጊዜው የሚቀይር ሰው እነዚህን ሦስቱን ለዓመታት ሲረሳ ማየት የተለመደ ነው። ሲቀየር አንድ ነገር ይጠበቅ፦ ከታች ያለው ማፍሰሻ ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ከላይ ያለው መሙያው መፈታት መቻሉ ይረጋገጥ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለና የድሮው ዘይት አስቀድሞ ከፈሰሰ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። አዲሱ ዘይት የሚሞላው መሙያው ቀዳዳ አፍ ጋ እስኪደርስ ነው። የሚወጣውን ዘይት ጣት ላይ አድርጎ ማየት ይገባል። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለው አንዱ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው።

ውኃው ከየት መጣ? ከወንዝ ነው። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ ይስባል። በአክሱ አናት ላይ ያለችው ትንሿ የመተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነች አየር ማስገባት ስለማትችል በጎሚኒው በኩል ውኃ ይገባል። ቀዳዳዋን ማጽዳት ወይም ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ መግጠም ትንሽ ወጪ ነው፤ ዲፈረንሻል ማደስ ግን የብዙ ወር ደመወዝ ይበላል። ወንዝ ዳር ሲደርሱም ጥቂት ቆሞ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል።

ክሮቼራዎቹ ግራሶ ይፈልጋሉ። በአሮጌው ላንድክሩዘር ሁለት ሻፍቶች ላይ በተለምዶ ስድስት የግራሶ መውጊያዎች አሉ፦ በየሻፍቱ ሁለት ክሮቼራ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሻፍቱ የሚረዝምና የሚያጥርበት ቦታ ላይ። ጭቃና ወንዝ በበዛበት ሰሞን ቶሎ ቶሎ መወጋት አለባቸው። ወደፊት ሄዶ ወደ ኋላ ሲቀየር «ጓ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ክሮቼራው አልቋል። መሪ እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ በአራት ጎማ ሲነዳ ከፊት «ቀጭ ቀጭ» ካለ ደግሞ የፊት አክሱ መገጣጠሚያ እያለቀ ነው። አራቱም ጎማዎች መጠናቸውና ብላታቸው ተቀራራቢ ይሁን፤ አንዱ አዲስ ሌላው የተላጨ ከሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንኳ ሻፍቶቹ መጠማዘዛቸው አይቀርም።

አሮጌውን መኪና በሌላ መተካትም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ክረምት ያገለግሉናል ማለት ነው። አሮጌ ባለ አራት ጎማ መኪና ያላችሁ ወይም የምትነዱ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ግንቦት ሳይወጣ አንድ ጠዋት ከመኪናው ውረዱና ሁለቱን ሎኮች በጣታችሁ አዙሩ። አንዱ እንኳ አልዞር ካለ፣ ሰኔ ሳይገባ ጋራዥ አድርሱት።