የጓሮ ዶሮና የጎረቤት ምክር

ከቤት እንስሳ ሁሉ ይልቅ ዶሮ ለድኻ ቅርብ ናት። በሬ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ፥ በግ ለማሰማራት እረኛ ያስፈልጋል፤ ዶሮ ግን ጠባብ ጓሮ ካገኘች፥ ከማድቤት የሚጣለውን ፍርፋሪና ከአውድማ የወደቀውን ጥሬ እየለቀመች ራሷን ታኖራለች። ስለዚህም በኢትዮጵያ ገጠር ከዶሮና ከዕንቍላል የሚገኘው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የቤቲቱ እመቤት የእጅ ገንዘብ ነው። እህሉንና ከብቱን ባል ሲያዝዝበት፥ ጨው፥ ሳሙና፥ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከዚህ ነው። በዚህ ምክንያት የዶሮ ነገር ተራ ወሬ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ በአንድ ሳምንት ዶሮዋ ሁሉ ያለቀባትን ሴት ጠይቆ ይረዳ።

ዶሮ ለኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለችም። በሰሜን ትግራይ መዝብር በሚባለው ጥንታዊ ስፍራ የመሬት ቍፋሮ ሊቃውንት ያገኙት የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ የተገመተ ሲሆን፥ በአፍሪካ ከተገኙት እጅግ ቀደምት ከሆኑት መካከል የሚቈጠር ነው፤ ይኸውም ከአክሱም መንግሥት መነሣት አስቀድሞ ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ከሰው ጋራ የኖረች ወፍ ስለ ሆነች፥ ስለ ርሷ የተከማቸው ዕውቀት ብዙ ነው። ዕውቀቱ ግን በብራና የተጻፈ ሳይሆን ከእናት ወደ ልጅ፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቡና ላይ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው። ከዚህም ብዙው እውነት፥ ጥቂቱ ስሕተት ነው፤ ዳሩ ግን ስሕተቱ ጥቂት ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የሚከብድበት ስፍራ አለ።

እውነተኛውን ለመናገር፥ ዕንቍላል ማስታቀፍ የለመደች ሴት ከተማረው ሰው የምትማረው ጥቂት ነው። ዕንቍላሉ ከተጣለ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን ያላለፈ፥ ያልተሰነጠቀ፥ በመጠኑም መካከለኛ የሆነውን ትመርጣለች። ለእናቲቱ ክንፍ በሚበቃ ልክ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሦስት አድርጋ፥ ጭድ በተነጠፈበት ስፍራ፥ ጨለም ባለ ማእዘን ታስታቅፋለች። ከሰባት ቀን በኋላ በሌሊት ዕንቍላሉን በመብራት ፊት አንሥቶ ማየት ደግ ነው፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ቀይ ሥር የሚታይበት ሕይወት ያለው ነው፤ ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ግን ባዶ ነውና ይወጣል። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን ይሰብራል። በዐቢይ ጾም ዕንቍላል ስለማይበላና ዋጋውም ስለሚረክስ፥ ብዙ ባለሞያ ሴቶች የጾሙን ዕንቍላል ለማስታቀፍ ያውሉታል፤ ይህም የሚመሰገን ብልሃት ነው።

የማይመሰገነው፥ መታቀፍ የፈለገችውን ዶሮ ለማስተው በአፍንጫዋ ላባ መሰካትና ቍልቍል መስቀል ነው። ዶሮይቱ ትሠቃያለች እንጂ ከዚህ የሚገኝ ትርፍ የለም። እንዲያውም እነዚሁ ሴቶች የሚያውቁት የተሻለ መንገድ አለ፤ ዶሮይቱን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ቤት ወስዶ ከለመደችው ጎጆ መለየት ነው። ጎጆዋን ያጣች ዶሮ መታቀፉን ትታ ወደ መጣሉ ትመለሳለች።

ስለ ምግቧ የሚነገረው ብዙ አይደለም። በታኅሣሥና በጥር አውድማ በሚወቃበት ወራት ጥሬ ሞልቶ ሳለ ትልና ነፍሳት ያንሳሉ፤ በክረምት ደግሞ ትሉ ሲበዛ ጥሬው ጎተራ ውስጥ ተዘግቶ ያልቃል። ስለዚህ በበጋ የኑግ ፋጉሎ፥ የአተር ክክ ፍቃሪ፥ ወይም እበትና ጭድ በእንስራ ስባሪ ውስጥ አድርጎ የሚጠመድ ምስጥ፥ በክረምት ደግሞ ማለዳ አንድ እፍኝ ጥሬና ፍሩሽካ መጨመር ይገባል። የዕንቍላል ቅርፊት በእሳት ላይ ጠብሶ፥ አድቅቆ መመለስ ቅርፊቱ የሳሳ ዕንቍላል እንዳትጥል ይረዳታል፤ ሳይደቅ ቢሰጣት ግን የራሷን ዕንቍላል ሰብሮ መብላት ትለምዳለች። ለሰው አይሆንም ተብሎ የተጣለ የሻገተ በቆሎ ለዶሮም አይሆንም፤ ሻጋታው መርዝ አለበት።

በዘር ጕዳይ ግን ምክሩ የጐደለ ነው። የጫጩቱ እናት ማን እንደ ሆነች ሁሉ ያውቃል፤ አባቱን ጠይቆ የሚያውቅ ጥቂት ነው። በበዓል ዋዜማ ነጋዴ ሲመጣ የሚመርጠው ትልቁን፥ ደረተ ሰፊውን፥ ፈጥኖ ያደገውን አውራ ዶሮ ነው፤ ዋጋውም ያማረ ስለ ሆነ ያው ይሸጣል። በጓሮ የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው ቀጫጫው ነው፤ ለሚመጣውም ዓመት የጫጩቶቹ ሁሉ አባት እርሱ ይሆናል። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ከምርቱ መካከል መርጦ፥ ለይቶ፥ በችግር ቀን እንኳ ሳይነካው ያኖራል። የማሽላውን ዘር እንዲህ የሚጠብቅ ሰው የዶሮውን ዘር ለፋሲካ ድስት አሳልፎ መስጠቱ የሚያስደንቅ ነው። አንድ አውራ ለዐሥር ያህል ሴት ዶሮዎች የሚበቃ ስለ ሆነ፥ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ተማክረው አንዱን ያማረ አውራ ሳይሸጡ ቢያቈዩ፥ የሚቀርባቸው የአንድ ዶሮ ዋጋ ብቻ ነው፤ እርሱም ለሦስት ሲካፈል ቀላል ነው።

ከዚህም በቀር ያው አውራ ከራሱ ልጆች ጋራ ዓመት ከዓመት ሲገናኝ የማይፈለፈል ዕንቍላልና ደካማ ጫጩት ይበዛል። ስለዚህ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ከሌላ መንደር ጋራ መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ዕንቍላል መለዋወጥም ዶሮ ከመለዋወጥ ይልቅ በሽታ የማምጣቱ ነገር ያነሰ ነው። በላባ ቀለም መምረጥ ግን ለገበያ እንጂ ለዘር አይረባም። ቀይና ነጭ በገበያ ይወደዳል፤ ጥቁር ይረክሳል፤ ገብስማውን ደግሞ ጠንቋይ ያዘዘው ሰው ሲፈልገው ይታያል። ጥቁርም ሆነ ገብስማ ዕንቍላሏ አንድ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ የሚባለው ዘር ወደ አገር የገባው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ ዓይነት ተከፋፍሏል። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 ዕንቍላል ስትጥል፥ የፈረንጇ ከ200 በላይ መጣል ይቻላታል። ዳሩ ግን ይህ የሚሆነው መኖዋ ተመዝኖ፥ ቤቷ ተጠብቆ ሲሰጣት ነው፤ በጓሮ ጭራ ትብላ ከተባለች ከአገሩ ዶሮ እምብዛም አትሻልም፤ ለመታቀፍም አትመችም፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥም ፈጥነው ይወስዷታል። በደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሆሮን የአገር ዶሮ በመምረጥ ብቻ ለማሻሻል የተጀመረው ሥራ፥ መንደሩ ለራሱ አውራ ዶሮ ሊያደርገው የሚገባውን በትልቁ የሚያሳይ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ፈንግል በገባበት ደጅ ከንቱ ይሆናል። ፈንግል በሌላው ዓለም የኒውካስል በሽታ የሚባለው ሲሆን፥ ይህን ስም ያገኘው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል በምትባለው ከተማ አጠገብ ስለ ታየ ነው፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል። የያዘው ዶሮ ላባውን አንጨፍርሮ ይቈዝማል፤ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ አረንጓዴ ያስቀምጠዋል፤ አንገቱ ይጠመዘዛል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀን ውስጥ ከመንጋው የሚተርፍ አይገኝም። ምክንያቱ ቫይረስ የሚባለው በዐይን የማይታይ ተሐዋሲ ስለ ሆነ፥ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኀኒት የለም። ጎረቤት ለጎረቤት የሚመክረው ፌጦ፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ሎሚና አረቄ፥ እንዲሁም ከሱቅ የሚገዛው የሰው ቴትራሳይክሊን ይህን በሽታ አይነኩትም። ከነዚህ አንዱን ሰጥታ ዶሮዋ የተረፈችላት ሴት ብትኖር፥ በሽታው ሌላ ነበር ወይም ዶሮይቱ በራሷ ተርፋለች ማለት ነው።

ከመድኀኒቱ ስሕተት ይልቅ የከፋው ግን ሌላ ምክር ነው፤ እርሱም «ሳይሞቱብሽ ሽጫቸው» የሚለው ነው። ይህን የምትመክር ጎረቤት ክፉ አይደለችም፤ ለእኅቷ አዝና የምትናገረው ነው፤ ሰሚዋም ድኻ ስለ ሆነች ብትቀበለው አይፈረድባትም። ነገር ግን ሥራውን እንመርምር ቢባል እንዲህ ነው። በሽታው በዶሮው ውስጥ ገብቶ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፥ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ይቈያል። ስለዚህ ከታመመው መንጋ መካከል ጤነኛ መስላ ለገበያ የቀረበችው ዶሮ በሽታውን በሆዷ ይዛ ትሄዳለች። በገበያው በአንድ ቅርጫት ከሌሎች ጋራ ትውላለች፤ ማታም የገዛት ሰው ከራሱ ዶሮዎች ጋራ በአንድ ቆጥ ያሳድራታል። በሳምንቱ የገዢው መንደር ያልቃል፤ የዚያም መንደር ሴቶች «ሳይሞቱብን እንሽጥ» ብለው ወደ ቀጣዩ ገበያ ይወጣሉ። ከእንቍጣጣሽ፥ ከገናና ከፋሲካ በፊት ዶሮ ከገጠር ወደ ከተማ፥ ከገበያ ወደ ገበያ በሚጓዝበት ሰሞን፥ እንዲሁም ክረምት ሲገባ በሽታው የሚበረታው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። የታመመውን አርዶ መብላትም ቢሆን፥ ሥጋው በደንብ ከተቀቀለ ሰውን ባይጎዳም፥ ላባውና አንጀቱ ለውሻ ወይም ለወንዝ ሲጣል በሽታውን ወደ ጎረቤት ያደርሳል። የሞተው ሁሉ በጥልቀት ሊቀበር ወይም ሊቃጠል ይገባል፤ አዲስ የተገዛ ዶሮም ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው ሳይቈይ ከመንጋው ጋራ ሊቀላቀል አይገባውም።

በሽታው መድኀኒት ባይኖረውም መከላከያ አለው። በቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት መሥሪያ ቤት ለዚሁ በሽታ የሚሆን ክትባት ያዘጋጃል። ከነዚህም አንዱ፥ አይ ቱ የሚባለውና መነሻው በአውስትራሊያ የኵዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችል ስለ ሆነ የበረዶ ሣጥን በማይደርስበት ገጠር ይመቻል፤ ቢሆንም ከፀሓይ ተከልሎ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል አለበት። ችግሩ በመድኀኒቱ ሳይሆን በብልቃጡ ላይ ነው። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የተለካ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ብዙ ሳይቈይ ማለቅ አለበት። አምስት ወይም ስድስት ዶሮ ያላት ሴት ይህን ገዝታ ምን ታደርገዋለች? ብቻዋን ብታስከትብስ፥ አጥር የማያግደው የጎረቤቷ ዶሮ በሽታውን በየቀኑ ወደ ደጇ እያመጣ፥ ገና ያልተከተቡ ጫጩቶቿን ይፈጅባታል። ስለዚህ የክትባቱ ልክ ራሱ ሃያ ያህል ቤቶች በአንድ ቀን እንዲሰበሰቡ የሚያስገድድ ነው።

ይህን ማኅበር ለመፍጠር አዲስ ሹም መሾም አያስፈልግም። መንደሩ ወር ቈጥሮ የሚገናኝበት ሰንበቴ፥ ጽዋና ዕድር ከጥንት አለ። ካህኑ የሚቀጥለውን ተራ ሲያስታውቅ የክትባቱን ቀን ቢጨምርበት፥ የቀበሌውም የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በዚያው ቀን ብልቃጡን ይዞ ቢገኝ፥ የሚቀረው ገንዘቡን ማዋጣት ነው፤ እርሱም ለየቤቱ ሲከፋፈል ከአንድ ዶሮ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። በብዙ ስፍራ የሚታየው ግን ሠራተኛው ጥያቄ አልመጣልኝም ሲል፥ ሴቶቹ ደግሞ መድኀኒት አልመጣልንም ሲሉ፥ ፈንግል ከሁለቱም ቀድሞ መድረሱ ነው።

ሕዝቡ ክትባትን የሚጠረጥርበት አንድ ምክንያት ስላለ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በሽታው ከገባ በኋላ የተከተቡ ዶሮዎች ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ሰዎችም የገደላቸው መርፌው ወይም ጠብታው ነው ብለው ያምናሉ። የተከተበው ዶሮ ኀይል የሚያገኘው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ከቈየ በኋላ ስለ ሆነ፥ የተሠራው ሥራ ዘግይቶ ነበር እንጂ መርዝ አልነበረም። አይ ቱ የሚባለው ክትባት በየአራት ወሩ ሲደገም የተሻለ ይጠብቃልና፥ በኅዳር፥ በመጋቢትና በሐምሌ መባቻ ቢሰጥ የኅዳሩ ከገና በፊት፥ የመጋቢቱ ከፋሲካና ከክረምት መግቢያ በፊት፥ የሐምሌውም ከእንቍጣጣሽ በፊት ይደርሳል። የሚሰጠውም ማለዳ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፥ አንድ በአንድ ተይዘው፥ በአንድ ዐይናቸው አንዲት ጠብታ በማንጠባጠብና ዐይናቸውን እስኪጨፍኑ ጥቂት በመጠበቅ ነው፤ ልኩም ለትልቁ አውራና ትናንት ለተፈለፈለው ጫጩት አንድ ነው።