ከዱከም ቀይ አፈር ቀለም ማዘጋጀት፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ በ37 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ዱከምና ጎረቤቷ ቢሾፍቱ በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች መካከል የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። ከእነዚህ ኮረብታዎች የሚቆፈረውና በግንባታ ሠራተኞች ዘንድ «ሬድ አሽ» በመባል የሚታወቀው ቀይ ጠጠር በአብዛኛው ለመንገድ ሙሌትና ለብሎኬት ማምረቻ ይውላል። ቅላቱን ያገኘው በውስጡ ያለው ብረት ጠጠሩ ገና ትኩስ ሳለ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በመዛጉ ነው። የብረት ዝገት ያቀላው አፈር የሰው ልጅ ከተጠቀመባቸው ቀለሞች በዕድሜ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሚገኘው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ 40,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ በድምሩ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቀለም አፈር ከመፍጫ ድንጋዮቹ ጋር ተገኝቷል።

ዝግጅቱ ከድካም በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አፈሩ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ አሸዋው ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ድፍርስ ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጥና እስኪጠል ይተዋል፤ በሥሩ የሚቀረው ልም ደለል ደርቆ በጨርቅ ሲነፋ ቀለም ይሆናል። ቢጫ አፈር በምድጃ ላይ በሚገባ ሲጋል ወደ ቀይነት ስለሚለወጥ ከአንድ አፈር ሁለት ዓይነት ቀለም ማግኘት ይቻላል። ዱቄቱን ከወረቀት ወይም ከእንጨት ጋር ለማጣበቅ በውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ወይም የእንቁላል አስኳል፣ ለግድግዳ ደግሞ ኖራ ያገለግላል።

የብራና ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ያዘጋጁ የነበሩት ከጥቀርሻና ከሙጫ ነው፤ ውሕዱ ለወራት ከቆየ በኋላ ይደርቃል፣ በሚፈለግበት ጊዜም በውኃ ይሟሟል። ጥቀርሻ ብርሃን አያደበዝዘውም። እንደ ሱፍ አበባና እርድ ካሉ ዕፅዋት የሚገኙ ቀለሞች ግን ለዓይን ቢማርኩም ፀሐይ ላይ ብዙ አይቆዩም፤ የኖራ ኃይለኛነትም ይለውጣቸዋል። ስለዚህ ለውጭ ግድግዳ የሚመረጠው አፈር ነው።

«ተፈጥሯዊ» መባል ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። በጥንታዊ ሥዕሎቻችን ላይ ከተለዩት ማዕድናት መካከል ደማቁ ቀይ ሜርኩሪ፣ ወርቃማው ቢጫ ደግሞ አርሴኒክ የያዙ ናቸው። በፋብሪካ ቀለም ረገድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ምክንያቱም እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የተላጠ ቀለም ወደ አፋቸው የሚያስገቡትም እነርሱ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀለም ይህን ጥቅም የሚያስገኘው አፈሩ ንጹሕ ሲሆን ነው። በመሆኑም ከዋና መንገድ ዳር፣ ከጋራዥ አካባቢና ከፋብሪካ ፍሳሽ መውረጃ አፈር መሰብሰብ አይገባም።

በሚወቀጥበትና በሚነፋበት ጊዜ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሥራውንም ልጆች በሌሉበት ደጅ ማከናወን ያስፈልጋል። ጠጠሩን ከካባ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የባለፈቃዱን ይሁንታ ያግኝ፤ ከሥሩ የተቦረቦረ የካባ ግድግዳ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚደረመስም ከግርጌው ከመቆፈር ይልቅ ርቆ የወደቀውን መልቀም በቂ ነው።