የተማሪ አመላላሽ ሾፌሮች የአልኮልና የዕፅ ምርመራ፤ በቆቦና በራያ ቆላ ሁኔታ ሲመዘን

መግቢያ

ተማሪን የሚያመላልስ ሾፌር ጠዋት ከመምህሩ ቀድሞ ልጁን ከወላጅ የሚረከብ፣ ማታም ከመምህሩ ተቀብሎ ለወላጅ የሚያስረክብ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ሰክሮ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ንኡስ አንቀጽ 3፣ በሚያሰክር መጠጥ ወይም በዕፅ ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አድርሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። አስገዳጅ ምርመራ በአንጻሩ ከጉዞ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የምርመራውን አሠራር ካብራራ በኋላ በቆቦና በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች በምን መልክ ሊጠቅም እንደሚችል ለማመልከት ይሞክራል።

1. የአሠራሩ አመጣጥ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው ሕግ መሠረት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች የአልኮልና የዕፅ ምርመራ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ምርመራው ከቅጥር በፊት፣ ከአደጋ በኋላ፣ በዕጣ፣ በቂ ጥርጣሬ ሲኖር፣ የታገደ ሾፌር ወደ ሥራ ሲመለስና ከተመለሰም በኋላ በክትትል ይካሄዳል። በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 0.4 ግራም ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ያለበት ሾፌር ከመሪው እንዲነሣ ይደረጋል። በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2015 ጀምሮ አውቶቡሶች ሾፌሩ ተንፍሶ ንጹሕ መሆኑ ካልታወቀ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ግዴታ ሆኗል።

እነዚህ አሠራሮች ጠቃሚ ቢሆኑም እንዳሉ ተገልብጠው ወደ ራያ ቢመጡ የሚፈለገውን ውጤት አይሰጡም። ስለዚህ ማን፣ ምን፣ መቼ ይመርመር የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው።

2. ማን ይመርመር?

የአሜሪካው ግዴታ በሰው ማመላለሻ ረገድ የሚጸናው ሾፌሩን ጨምሮ 16 ወይም ከዚያ በላይ ሰው እንዲይዝ በተሠራ ተሽከርካሪ ላይ ነው። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ቆላ ብዙው ተማሪ በእግሩ የሚጓዝ ሲሆን፣ ተሽከርካሪ የሚያገኘውም በአብዛኛው በባጃጅ ወይም በሚኒባስ ይሳፈራል። ስለሆነም ደንቡ በአውቶቡስ ስም ቢጻፍ የሚነካው ሾፌር ጥቂት ይሆናል። መለኪያው የተሽከርካሪው ስፋት ሳይሆን ተማሪን በቋሚነትና በክፍያ ማመላለሱ ሊሆን ይገባል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 1988 በአሜሪካ ኬንተኪ ግዛት፣ ካሮልተን አጠገብ፣ ወጣቶች የጫነ አውቶቡስ ተጋጭቶ 27 ሰዎች ሞተዋል። ሰክሮ የነበረው የአውቶቡሱ ሾፌር ሳይሆን በተከለከለ አቅጣጫ ይነዳ የነበረ የሌላ መኪና ሾፌር ነበር። የጭነት መኪና በሚበዛበት የቆቦ መንገድ ላይም የትምህርት ቤቱን ሾፌር ብቻ መመርመር የጥንቃቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት በአውራ ጎዳናው ላይ የሚደረገው የትራፊክ ፖሊስ ቁጥጥር ነው።

3. ምን ይመርመር?

በአሜሪካ የሚደረገው የዕፅ ምርመራ ማሪዋናን፣ ኮኬይንን፣ አምፌታሚንን፣ ኦፒየም ነክ ዕፆችንና ፌንሳይክሊዲንን ይፈልጋል። በእኛ አገር መንገዶች የሚዘወተረው ጫት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ጫትን አነቃቂ የሚያደርገው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ከተቀነጠሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ ቃሚው ትኩሱን ይመርጣል። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ቢውልም ቅጠሉ አልተካተተም፤ በኢትዮጵያም ጫት መቃም በሕግ አልተከለከለም። በወሎ ጫት ከቡና ጋር በዱዓ ሥርዓት ላይ የሚቀርብ መሆኑም ይታወቃል። ከዚህም በላይ በሽንት ውስጥ የተገኘ የጫት ምልክት ሰውየው መቃሙን እንጂ በዚያች ሰዓት ለመንዳት ብቁ አለመሆኑን አያረጋግጥም። ሾፌርን በዚህ ብቻ ከእንጀራው ማፈናቀል ፍትሐዊ አይሆንም።

አደጋው ያለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የእንቅልፍ ማጣት ነው፤ ጫት እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሁለተኛው ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው መጠጥ፣ በተለምዶ ጨብሲ የሚባለው ነው። ለመጀመሪያው የሾፌሩን የሥራና የዕረፍት ሰዓት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን የትንፋሽ መመርመሪያው ያገኘዋል።

4. መቼ ይመርመር?

ብዙ ሰዎች የማታ መጠጥ በእንቅልፍ የሚጠፋ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል የሚቀንሰው በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 1.5 ግራም የነበረበት ሾፌር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተማሪ ሲጭን 7 ሰዓት አልፎታል፤ የወጣለት 1.05 ግራም ሲሆን የቀረው 0.45 ግራም ነው። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የአሜሪካ ወሰን ይበልጣል። ቡና መጠጣትም ሆነ ፊትን መታጠብ ይህን ስሌት አይለውጠውም። ጠላና አረቄ ከቤት ቤት ጥንካሬያቸው ስለሚለያይም በብርጭቆ ቁጥር መገመት አያስተማምንም። ስለዚህ የምርመራው ዋና ሰዓት ማለዳ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ነው።

5. በተግባር ሊደረግ የሚችለው

ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የደረሰው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለ ጎዳ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሐሳብ ማቅረብ አይጠቅምም። በአነስተኛ ወጪ ሊጀመሩ የሚችሉት የሚከተሉት ናቸው፦

ሀ. ትምህርት ቤቱና ወላጆች ተማሪ በቋሚነት የሚያመላልሱትን ሾፌሮች ይመዝግቡ፤ ምርመራን መቀበልም በውላቸው ውስጥ ይግባ። ርእሰ መምህሩ እንደ ፖሊስ የማስገደድ ሥልጣን ስለሌለው መያዣው ይህ ውል ነው።

ለ. ምርመራው መሣሪያውን በሚያውቅ ባለሙያ ይካሄድ። በአፍ ውስጥ የቀረ መጠጥ ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ አልኮል ከታየ 15 ደቂቃ ተጠብቆ ምርመራው ይደገም።

ሐ. ተተኪ ሾፌር አስቀድሞ ይዘጋጅ። ተተኪ ከሌለ ልጆቹ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ ሲባል የሰከረውን ሾፌር ለማሳለፍ የሚደረገው ግፊት ይበረታል።

መ. ውጤቱ በምሥጢር ይያዝ፤ የታገደው ሾፌርም ታርሞ የሚመለስበት መንገድ ይኑረው። መመለሻ የሌለው ሾፌር ከምርመራ መሸሽን ይመርጣል።

መደምደሚያ

የምርመራ ጥቅም የሚለካው በመሣሪያው ዘመናዊነት ሳይሆን የአካባቢውን ተሽከርካሪ፣ የአካባቢውን ልማድና ትክክለኛውን ሰዓት በማግኘቱ ነው። ለቆቦና ለራያ ቆላ ከውድ የላቦራቶሪ ምርመራ ይልቅ የማለዳ የትንፋሽ ምርመራ፣ የዕረፍት ሰዓት መዝገብና የታወቀ ውል ይቀድማሉ። የፕላን ሠራተኞች ለተማሪ ማመላለሻ በጀት በሚይዙበት ጊዜ እነዚህን ሦስቱን ከነዳጁና ከጎማው እኩል ቢያስቡ፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን ቅጣት ከመጠበቅ ይልቅ አደጋውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።